“ክኒኑን ወሰድሽ?” የሚል ቴክስት በእርግጥ ይጠቅማል?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። የምሠራው በአንድ ጤና ጣቢያ ፋርማሲ ነው። ከመስኮቱ ጀርባ ሆኜ ከማስረክባቸው መድኃኒቶች አንዱ ፕረፕ ነው። ኤችአይቪ የሌለበት ሰው ቫይረሱ እንዳይዘው በቀን አንድ ፍሬ የሚወስደው ክኒን ማለት ነው። እኛ አገር በዋናነት የሚሰጠው በወሲብ ሥራ ለሚተዳደሩ ሴቶች፣ እንዲሁም የትዳር ጓደኛቸው ፖዘቲቭ ለሆነ ነጋቲቭ ሰዎች ነው።

መድኃኒቱ መሥራቱ አያጠራጥርም። በኬንያና በኡጋንዳ 4,747 ጥንዶች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ፣ ሁለት መድኃኒት በአንድ የያዘው ክኒን በቫይረሱ የመያዝ ዕድልን በ75 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። የሚሠራው ግን ሲዋጥ ነው። እኔ የማየው ብልቃጡ በመስኮቱ ሲወጣ ብቻ ነው። ቤት ከገባ በኋላ ምን እንደሚሆን አላይም። በሚቀጥለው ቀጠሮ የተረፈውን ፍሬ እቆጥራለሁ። ቁጥሩ ሁልጊዜ ልክ ይመጣል። እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኸው ልክ መሆኑ ነው።

ኬንያ ውስጥ በሳምንት አንድ ጊዜ ቴክስት እየላኩ የፕረፕ ተጠቃሚዎችን በመከታተል ጥሩ ውጤት እንደተገኘ አንብቤያለሁ። ለእኛም ሰዎች እንዲህ ብናደርግስ? ክኒኑን ወሰድሽ፣ ወሰድህ ብለን ብንጠይቅ፣ አዎ ወይም አይ ብለው ቢመልሱልን? ሐሳቡን ለአለቆቼ ላቀርብ ስለሆነ የምታውቁትን ንገሩኝ።

ከዚያስ?

ይህን የለጠፍኩት እሑድ ማታ ነበር። እስከ ሐሙስ 30 ምላሽ መጣ። ብዙ ሰው ከመሃል እየገባ ክሩ ጠፋብኝ ስላለ፣ እኔም የጻፍኩትን ስሕተት ማረም ስላለብኝ፣ የተባለውን በተራ እተርካለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ምላሽ 1 ትሑት ነበር። ጸሐፊው አመስግኖ፣ ይህ መድኃኒት ተገዳ የተደፈረች ሴት ለአንድ ወር የምትወስደው እንደሆነ ጠየቀ። ምላሽ 2 በአጭሩ አስተካከለው። ያ ሌላ ነው። ከተጋለጡ በኋላ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን የሚወሰድ ነው። ፕረፕ ግን ቀድሞ የሚወሰድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ለመያዝ ሰፊ ዕድል ላላቸው ሰዎች ሁሉ እንዲሰጥ የመከረው በ2015 ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው በየቀኑ ስለሚያጋጥመኝ ይህ ጥያቄ ገና በመጀመሪያው ምላሽ በመምጣቱ ደስ ብሎኛል።

ምላሽ 3 የእኔን ስሕተት አወጣ። የኅብረተሰብ ጤና የሚያስተምር ሰው ይመስለኛል። እኔ የጠቀስኩት የኬንያ ጥናት ስለ መከላከያ መድኃኒት አይደለም አለ። በ2010 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ያ ጥናት የተሠራው ቫይረሱ በደማቸው ባለ፣ የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና በጀመሩ 538 ሰዎች ላይ ነው። ግማሾቹ በየሳምንቱ “ማምቦ?” የሚል ቴክስት ይደርሳቸዋል። በስዋሂሊ እንዴት ነው እንደ ማለት ነው። በ48 ሰዓት ውስጥ ደህና ከሆኑ “ሳዋ”፣ ችግር ካለ “ሺዳ” ብለው ይመልሳሉ። ሺዳ ላለና ዝም ላለ ሰው የጤና ባለሙያ ይደውልለታል። ከዓመት በኋላ መድኃኒታቸውን በደንብ እንደወሰዱ የተናገሩት ቴክስት ከደረሳቸው 62 በመቶ፣ ካልደረሳቸው 50 በመቶ ሆኑ። ቫይረሱ በደማቸው የተገታላቸው ደግሞ 57 በመቶና 48 በመቶ።

ትክክል ነው። ሁለቱን ደባልቄ ነው የጻፍኩት፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ልዩነቱም ቀላል አይደለም። የታመመ ሰው መድኃኒቱን መውሰድ አለመውሰዱን የቫይረስ ቁጥሩ ይመሰክራል። ጤነኛ ሰው ክኒኑን ቢተው እኛ በምናደርገው የኤችአይቪ ምርመራ ላይ ምንም የሚታይ ነገር የለም፤ እስኪያዝ ድረስ።

ምላሽ 4 ናይሮቢ የምትኖር የእኛው አገር ነርስ ናት። በዚህ ክር ውስጥ ብዙ ያስተማረችኝ እሷ ናት ብል አላጋነንኩም። ማምቦ ለምን እንደሠራ ስታስረዳ መጀመሪያ ያነሳችው የሌለበትን ነገር ነው። መድኃኒት የሚል ቃል የለበትም። ክሊኒክ የሚል ቃል የለበትም። ጎረቤት ቢያነበው ተራ ሰላምታ ነው። ቀጥሎ ከመልእክቱ ጀርባ ሰው ነበረ አለች። ቴክስቱ በር ማንኳኳት ነው፤ በሩ ሲከፈት የሚገባ ሰው ከሌለ ምን ይሠራል ብላ ጠየቀች። ሌላም የኬንያ ጥናት ጨመረችልን። በ2011 የወጣ ነው፤ 431 ሰው ነበረበት። በየሳምንቱ አስታዋሽ ከደረሳቸው 53 በመቶው መድኃኒቱን ከ90 በመቶ በላይ ሲወስዱ፣ ምንም ካልደረሳቸው 40 በመቶው ናቸው እዚያ የደረሱት። የሚገርመው ግን በየቀኑ የተላከላቸው ሰዎች ምንም ለውጥ አለማሳየታቸው ነው። ምላሽ 5 በዚህ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጻፈ፤ በየቀኑ የሚጮኽን ነገር ጆሮ ይለምደዋል የሚል።

ከዚህ በኋላ ነው ድምፁ የተቀየረው።

ምላሽ 6 ቆጣ ብሎ ገባ። ስለ ሕክምና የሚወራው ሁሉ ስለ ፕረፕ ምንም አይነግረንም አለ። በኬንያ ከተሞች በኪሱሙና በቲካ ከ18 እስከ 24 ዓመት ባሉ 348 ወጣት ሴቶች ላይ የተሠራውን ጥናት አመጣ። በ2021 የታተመ ነው። ሴቶቹ ፕረፕ ተሰጣቸው። ክኒኑ የሚቀመጠው በተከፈተ ቁጥር በኔትዎርክ ምልክት በሚልክ ሣጥን ውስጥ ነበር። ግማሾቹ አስታዋሽ ቴክስት ይደርሳቸዋል፤ ግማሾቹ አይደርሳቸውም። በሁለት ዓመት ሲታይ ሣጥኑ የተከፈተው ከመቶ ቀን 27 ያህሉን ብቻ ነው። በሁለቱም ወገን። ቴክስቱ ቅንጣት አልጨመረም። ስለዚህ አንተ ፋርማሲስቱ፣ ያላችሁን ትንሽ ብር በዚህ አታባክን ብሎ ዘጋ።

እውነት ለመናገር ያን ቀን ሐሳቤን ልተወው ነበር። ምላሽ 7 ነው ያቆየኝ። እንዲያውም አሁን ስለዚህ ነገር ያለኝ አመለካከት የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊዋ የ6ን ቁጥር አልካደችም። ቁጥሩ የሚለካው ምኑን እንደሆነ ግን ጠየቀች። ፕረፕ የዕድሜ ልክ መድኃኒት አይደለም። አደጋው ባለበት ወቅት የሚወሰድ ነው። ጓደኛዋ ለሥራ ስድስት ወር ርቆ የሄደባት ወጣት ክኒኑን ብታቆም ምን አጠፋች? ባልና ሚስትም እንዲሁ። በኬንያና በኡጋንዳ ለጥንዶች የተሞከረው አሠራር ነጋቲቩ ሰው ፕረፕ የሚወስደው ፖዘቲቩ ሕክምና ጀምሮ ስድስት ወር እስኪሞላው ነበር። እንደ ድልድይ ነው፤ ከተሻገሩት በኋላ ይተውታል። ስለዚህ ያመለጠውን ቀን ከመቁጠር በፊት መጠየቅ ያለበት፣ ያ ቀን አደጋ የነበረበት ቀን ነው ወይ የሚለው ነው።

ይህን ሳነብ መዝገባችን ትዝ አለኝ። ሳይመጡ የቀሩትን ሁሉ ሎስት፣ ማለትም ከክትትል የጠፉ፣ ብለን ነው የምንጽፋቸው። ከእነሱ ውስጥ አደጋው ስላለፈ፣ አስባ፣ በራሷ ያቆመች ስንት ትኖር ይሆን? አንዷንም ደውለን አልጠየቅንም።

ምላሽ 8 ወደ እኔ የመጀመሪያ ጭንቀት መለሰን፤ ወደ ልክ የሚመጣው ቁጥር። በኬንያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ ሴቶች ላይ ሲሠራ ቆይቶ በ2011 የተቋረጠ ጥናት አለ። ከተሳታፊዎቹ 95 በመቶው ክኒናቸውን ሁልጊዜ ወይም አብዛኛውን ጊዜ እንደሚወስዱ ተናግረው ነበር። ደማቸው ሲመረመር መድኃኒቱ የተገኘው ከ40 በመቶ ባነሱት ላይ ነው። ምላሽ 9 ሌላ ጨመረ። በደቡብ አፍሪካ፣ በኡጋንዳና በዚምባብዌ 5,029 ሴቶች በተሳተፉበት ጥናትም እንዲሁ ሆኗል፤ የፕረፕ መድኃኒቱ ቴኖፎቪር የተገኘው ከተመረመረው የደም ናሙና በሦስት አንድ እንኳ በማይሞላው ነው። ፊት ለፊት ተቀምጦ ያልተነገረ እውነት በቴክስት እንዴት ይነገራል? የሁለቱም ጥያቄ ይህ ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው።

መልሱን የሰጠችን ምላሽ 10 ናት። በጅቡቲ መንገድ ላይ ባለች ከተማ የምትሠራ፣ ፕረፕ የምትወስድ ሴት። ከዚህ በፊት እዚህ መድረክ ላይ ጽፋ እንደማታውቅ ነግራናለች። ለምን እንደምትዋሽ ሳታድበሰብስ ጻፈች። ሁለት ቀን ዘለልኩ ስትል የነርሷ ፊት ይለወጣል። ቁጣ እንኳ አይደለም፤ መከፋት ነው። ያንን ፊት ላለማየት በቀጠሮዋ ዋዜማ የተረፈውን ፍሬ ቆጥራ ትደፋለች። የምትዘልበትን ምክንያት ደግሞ የጠየቃት የለም። የብልቃጡ መንኳኳት ነው። አብረዋት የሚያድሩት ሴቶች ድምፁን ያውቁታል፤ የፖዘቲቭ ሰው መድኃኒት ነው የሚመስላቸው። ጥጥ እስክትከትበት ድረስ ሦስት ወር ፈጅቶባታል። ይህን ማንም አልመከራትም፤ ከሌላ ሴት ነው የተማረችው።

ስታነቡት ምን እንደተሰማችሁ አላውቅም። እኔ በማግስቱ ጥቅል ጥጥ ገዝቼ መስኮቱ ጋ አስቀምጫለሁ። ብልቃጥ ስሰጥ ቆረጥ አድርጌ አብሬ እሰጣለሁ። እስካሁን አልፈልግም ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ምላሽ 11 ስለ ስልኩ ራሱ አነሳ። ስልኩ የማን ነው? በእሱ ቤት አንድ ስልክ በአራት ሰው ይዞራል፤ ልጆቹ ይጫወቱበታል፤ ሚስቱ ገበያ ይዛው ትሄዳለች። ሲምም ይለወጣል። ሳይሠራ የቆየ ቁጥር ለሌላ ሰው ይሸጣል፤ የአንዱ ምሥጢር ለማያውቀው ሰው ይደርሳል።

እዚህ ላይ እኔም የራሴን ጻፍኩ። ቀድሞ የሠራሁበት አንድ ቦታ ለተገልጋዮቹ የቀጠሮ ቴክስት ይልክ ነበር። አንድ ቀን የመድኃኒቱን ስም ጽፈው ላኩ። ከተቀባዮቹ የአንዷን ስልክ ወንድሟ ነበር ያነሳው። ልጅቷ ከዚያ ወዲያ አልመጣችም። እኔ ያኔ መልእክቱን አይቼው ነበር፤ ከመላኩ በፊት። ምንም አልታየኝም።

ምላሽ 12 ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ከአንዱ ነው የመጣው። የቤት ሠራተኛ ናት። እዚያ የሥራ ፈቃድ ሲወጣ የኤችአይቪ ምርመራ አለ፤ ፖዘቲቭ ሆኖ የተገኘ ወደ አገሩ ይባረራል። ስልኳን እመቤቷ በፈለገችው ሰዓት ከፍታ ታያለች። ስለዚህ እንዲህ ያለ መልእክት ለእሷ እንጀራዋን የሚያሳጣ ነው። የመከላከያ እንደሆነ ማን ያምናታል? ምላሽ 13 ከሜሪላንድ ነው። ፋርማሲው የሚልክለት ቴክስት መድኃኒትዎ ደርሷል ከማለት በቀር የመድኃኒት ስም እንደማይጠራ፣ ያም ሆኖ መልእክቱ በተቆለፈው ስልክ ስክሪን ላይ እንዳይታይ እንዳደረገ ጻፈ።

ምላሽ 14ን መዝለል በወደድኩ ነበር። ጤነኛ ሰው ክኒን የሚያስፈልገው ጠባዩን ማረም ሲያቅተው ነው፤ መንግሥትም ለዚህ ብር ማውጣት የለበትም የሚል ነው። ምላሽ 15 በስድብ መለሰለት። 16 የ15ን ስድብ አወገዘ። አወያዩ ገብቶ ሁለት መስመር አጠፋ። ክርክሩ ግማሽ ቀን በላ።

ያበረደው ምላሽ 17 ነው። ፖዘቲቭ የሆነች ባለትዳር ናት። ስትመረመር ባሏ ነጋቲቭ ነበር። ሊተዋት ይችል ነበር፤ አልተዋትም። እሷ ሕክምናዋን ጀመረች፣ እሱ ፕረፕ ጀመረ። ማታ ማታ አንድ ብርጭቆ ውኃ ይቀዳል፤ ግማሹን እሷ በክኒኗ፣ ግማሹን እሱ በክኒኑ ይጠጡታል። ቫይረሱ በእሷ ደም ውስጥ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ሲደርስ፣ በግንኙነት ስለማይተላለፍ፣ በሐኪማቸው ምክር እሱ አቆመ። ዛሬ ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ሁለቱም ነጋቲቭ። ለ14 ምንም አላለችውም። በስሙ እንኳ አልጠራችውም። ማንም ተመልሶ ስለ ጠባይ አልጻፈም። እኔ ግን በግልጽ ልናገር፤ 14 ያለው ትክክል አይደለም። መስኮቴ ላይ የሚመጣ ሰው ሁሉ ራሱን ወይም የሚወደውን ሰው ለማዳን ነው የሚመጣው።

ምላሽ 18 ወደ ቴክስቱ መለሰን። ሶፍትዌር የሚሠራ ልጅ ነው። አንድ ቴክስት በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ምልክት ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ብቻ። ከዚያ ካለፈ ለሁለት ይከፈላል፤ ዋጋውም በእጥፍ ይሆናል። በአሮጌ ስልክ ላይ ደግሞ ፊደሉ ባዶ ሣጥን ሆኖ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ስለዚህ መልእክታችሁ አጭር ይሁን አለ።

ምላሽ 19 የሰዓቱን ነገር አነሳች፤ ይህን ያህል አስፈሪ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። በሠራችበት አንድ ፕሮጀክት ውስጥ ማታ 2 ሰዓት አስታዋሽ ይላክ ተብሎ ተወሰነ። ኮምፒውተሩ ላይ የሞላው ሰው 2:00 ብሎ ሞላ። መልእክቱ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ወጣ። በጨለማ ቤት ውስጥ ስልክ በራ። ባል ነቃ፤ በዚህ ሰዓት ማን ነው የሚጽፍልሽ አለ። ስንት ቤት ውስጥ እንዲህ እንደሆነ ማንም አልቆጠረም። የቀጠሮ ቀንም እንደዚያው ነው፤ በእኛ አቆጣጠር የተነገረውና በፈረንጅ የተሞላው እየተሳሳተ ሰው ባልቀጠሩት ቀን ይመጣል።

ምላሽ 20 ስለ ቋንቋው ጻፈ። ማምቦ ወንድ ሴት አይልም። የእኛ ግን ወሰድህ ወይም ወሰድሽ ማለት አለበት። ለሁሉም አንድ መልእክት ከተላከ ግማሹ ሰው በማይመለከተው ጾታ ይጠራል፤ ማን እንደሆነ የማያውቀው ሰው እንደጻፈለት ወዲያው ይገባዋል። አንቱ ከተባለ ደግሞ የቀበሌ ደብዳቤ ይመስላል። ከ21 እስከ 23 ያለው ከዚህ ተነስቶ አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ ነውር ነው አይደለም የሚል ሙግት ሆነ። አንዱ እንዲያውም ከውጭ አገር ለእናቱ የስልክ ካርድ እንዴት እንደሚልክ ጠይቆ መልስ አገኘ። መልካም ነው፤ እናትየው ካርዱ ደርሷቸዋል።

ምላሽ 24 ይህ ሁሉ ወሬ ጊዜው አልፎበታል ባይ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚወጋ ሌናካፓቪር የሚባል መርፌ መጥቷል። በ2024 ውጤቱ በወጣው የደቡብ አፍሪካና የኡጋንዳ ጥናት መርፌውን ከወሰዱት 2,134 ሴቶች በቫይረሱ የተያዘች አንዲትም አልነበረችም። ማስታወስ የሚባል ነገር ቀረ ማለት ነው አለ። ዜናው እኔንም እንባ ያስነባ ነው። ምላሽ 25 ግን ሁለት ነገር አነሳ። ዛሬ በእጃችን ያለው ክኒን ነው። መርፌውም ቢመጣ ከስድስት ወር በኋላ ያለ ቀጠሮን የሚያስታውስ ሰው ስንት ነው? ያኔም የሚደውል ሰው ያስፈልጋል።

ምላሽ 26 ከቺካጎ ነው። እዚያው ከተማ ውስጥ የተሠራና በ2019 የታተመ ጥናት አመጣልን፤ ይህ በእርግጥ ስለ ፕረፕ ነው። ከወንዶች ጋር ግንኙነት ያላቸው 121 ወጣቶች ነበሩበት። በየሳምንቱ እንዴት ነህ የሚል ቴክስት ይደርሳቸዋል፤ ችግር አለ ሲሉ ከክሊኒኩ ሰው ያነጋግራቸዋል። የክትትል ቀጠሯቸውን የጠበቁት ቴክስት ከደረሳቸው 86 በመቶ፣ ካልደረሳቸው 71 በመቶ ሆኑ። የሚከላከል ያህል መድኃኒት በደማቸው የተገኘው ደግሞ 72 በመቶና 57 በመቶ። ይህ የሰው ቃል አይደለም፤ ወረቀት ላይ ከደረቀ የደም ጠብታ የተለካ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ግን በየቀኑ ቴክስት በተላከበት ሌላ ጥናት ዋናው መለኪያ ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ነርሷ በ4 ላይ ካለችው ጋር ገጠመልኝ።

ወዲያው ምላሽ 27 አንድ ከባድ ነገር ጠየቀ። አዛውንት ይመስሉኛል፤ አጻጻፋቸው ረጋ ያለ ነው። ሰላም ነው ተብሎ የተጠየቀ አበሻ ምን ብሎ ይመልሳል? ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አልሐምዱሊላህ። አልጋ ላይ የተኛም እንዲሁ ነው የሚለው። ሰላምታችን ችግር ለመናገር የተሠራ አይደለም። ኬንያዊው ሺዳ ብሎ ሊመልስ ይችላል፤ እኛ ችግር ብለን ለመመለስ አፋችን አይፈታም። እንግዲህ የእናንተ መልእክት የሚሰበስበው ምስጋና ብቻ ነው አሉ።

አንድ ቀን ሙሉ ማንም አልመለሰላቸውም። እኔም የምለው አጣሁ።

ምላሽ 28 የጅቡቲ መንገዷ ሴት ተመልሳ መጣች። እሷ ብትሆን ደህና ነሽ ወይ ተብላ መጠየቅ አትፈልግም። ወሰድሽ ወይ ተብላማ ፈጽሞ። ይደወልልሽ ወይ ብትባል ግን መልስ አላት። ካልፈለገች ዝም ትላለች፤ ዝምታዋ ጥፋት አይሆንባትም። ከፈለገች ሚስኮል ታደርጋለች። ሚስኮል ገንዘብ አይፈጅም፤ ማንም የሚያነበው ጽሑፍም አይተውም። ቃሉንም እሷው መረጠችው፦ “እንደውል?” ወንድም ሴትም አይልም። መድኃኒት አይልም። አንድ ቃል ነው።

ምላሽ 29 የናይሮቢዋ ነርስ ናት። ሐሳቡን ወደደችው፤ በአንድ ነገር ግን አስጠነቀቀች። ማምቦ ላይ ዝም ያለ ሰውም ይደወልለት ነበር። እዚህ ዝምታን እንደ መልስ ከወሰድን፣ ተደብቆ የተቸገረ ሰው ሊያመልጠን ይችላል። ስለዚህ ሲመዘገቡ ጠይቁ አለች፤ ዝም ካልኩ ደውሉልኝ የምትል አለች፣ ዝም ካልኩ ተዉኝ የምትልም አለች። የእያንዳንዷ ምርጫ ካርዷ ላይ ይጻፍ።

ምላሽ 30 ያልጠበቅኩት ሰው ነው፤ ቁጡው 6። ስለ ቁጥሮቹ የጻፈውን አልሻረም። በኪሱሙና በቲካ ተልኮ የነበረው አስታዋሽ መሆኑን፣ ይህ ግን ሌላ ነገር መሆኑን አመነ። ከዚያ አንድ ጥያቄ አስቀመጠ። ሚስኮሉ ቅዳሜ ሌሊት ቢመጣስ? ለእነዚህ ሴቶች ሥራም አደጋም ያለው ያኔ ነው። ቢሮ የሚዘጋው አርብ ማታ ነው። ማን ያነሳዋል?

ለአለቆቼ ያዘጋጀሁትን ወረቀት ቀደድኩት። አዲሱ አንድ ገጽ ነው። በውስጡ ክኒን ስለ መቁጠር ምንም የለም። መልእክቱ “ሰላም ነው? እንደውል?” ይላል፤ ክፍተቱ ተቆጥሮ 14 ምልክት ነው፤ ከ70 በታች። በሳምንት አንዴ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ይወጣል። ኮምፒውተሩ ላይ 15:00 ተብሎ ይሞላል፤ ይህን በቀይ አስምሬበታለሁ። የጤና ጣቢያው ስም አይጻፍበትም። ሰዎቹ ቁጥሩን ሲመዘገቡ እዚያው ስልካቸው ላይ በፈለጉት ስም ያስቀምጡታል።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬና እኔ ስልኩን በፈረቃ ለመያዝ ተስማምተናል። ባልደረባዬ የምትችለው ከሰኞ እስከ አርብ ነው። እሑድን እኔ እይዛለሁ። ቅዳሜ ማታ ስልኩ ማን ዘንድ ያድራል የሚለው ገና አልተቆረጠም። ስብሰባው ማክሰኞ ነው።